ፔዳል የሌለው ብስክሌት

በዚህ ወር የምንመልሰው ጥያቄ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። እኚህ እናት እንደ ጻፉልን፥ በጀርመን አገር የምትኖር እኅታቸው ለሁለት ዓመት ተኩል ልጃቸው አንዲት ትንሽ ብስክሌት ላከችላቸው። ካርቶኑ ተከፍቶ ሲታይ ግን ብስክሌቲቱ ፔዳልም ካቴናም የላትም። የቤቱ ሰው ሁሉ ዕቃው በመንገድ የጠፋ መስሎት ካርቶኑን እየገለበጠ ፈተሸ፤ አያትየውም፥ «ግማሹን ልካ ግማሹን ረስታዋለች» አሉ፤ አንድ የጎረቤት ጎልማሳም ከአሮጌ ብስክሌት ላይ ፔዳል ፈትቶ ሊገጥምላት ቢመጣ፥ የሚገጠምበትን ቦታ እንኳ አጣ። በኋላ በስልክ ሲጠየቅ ነገሩ ታወቀ፤ ብስክሌቲቱ ስትሠራም እንዲሁ ያለ ፔዳል ነበረች።

እናትየው የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ይህች ዕቃ ሕፃኑን በእውነት ብስክሌት መንዳት ታስተምረዋለችን? ወይስ ሸጠን ከኋላዋ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች ያሏትን እንግዛለት? የሚል ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል። የሰባት ዓመት ታላቅ ወንድሙ ደጋፊ ጎማዎቹ የተፈቱለት ዕለት ወድቆ ክንዱ ተላጠ፤ የሰፈር ልጆችም ሳቁበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌቱን አይነካም። ታናሹ እንደ እርሱ እንዳይሆን፥ እርሱም ከፍርሃቱ እንዲወጣ ምን ይደረግ? ይላሉ።

አጭሩን መልስ አስቀድመን እንስጥ። ብስክሌቲቱ አትሸጥ፤ ትጠቅማለች። ለምንና እስከ ምን ድረስ እንደምትጠቅም ግን ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱን የተረዳ ወላጅ እንዲህ ያለ ዕቃ ባይኖረው እንኳ በቤቱ ባለው ነገር ሊሠራው ይችላልና።

ጀርመኖች ይህን ዕቃ «ላውፍራድ» ይሉታል፤ በሩጫ የሚሄድ መንኮራኩር እንደ ማለት ነው። ሕፃኑ ከኮርቻው ላይ ይቀመጥና በሁለት እግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል፤ ፍጥነት ያገኘ ጊዜ እግሮቹን አንሥቶ ይንሳፈፋል፤ ሊቆም የፈለገ ጊዜ መልሶ ያወርዳቸዋል። ሌላ ጥበብ የለውም። አዲስ ፈሊጥ ቢመስልም ከብስክሌት ሁሉ የቀደመው ይኸው ዓይነት ነው። ካርል ድራይስ የተባለ፥ በባደን ግዛት የደን ሹም የነበረ ሰው፥ እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1817፥ በእኛ አቆጣጠር በ1809 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ ከማንሃይም ከተማ ተነሥቶ ወደ ሽቬትሲንገን በሚወስደው መንገድ በአንዲት የእንጨት ሠረገላ ተጓዘ። ሠረገላይቱ ሁለት መንኮራኩሮች ፊትና ኋላ ሆነው የተገጠሙላት፥ መሪና መቀመጫም ያላት ነበረች፤ ፔዳል ግን አልነበራትም። ድራይስ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በእግሩ እየገፋ ጨረሰው። ይህ የእግረኛ እርምጃ አይደለም፤ የፈረስ ሶምሶማ ነው።

ፔዳል የመጣው ከዚያ 40 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ በፓሪስ ከፊተኛው ጎማ ላይ ተገጠመ፤ ካቴና ኋለኛውን ጎማ የሚያዞርበት፥ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ብስክሌት ደግሞ በእንግሊዝ አገር ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ያወጣው «ሮቨር» የተባለው ነው። እንግዲህ የሰው ልጅ በሁለት ጎማ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አስቀድሞ ተማረ፤ እግሩን በፔዳል ማሠራት ግን ኋላ የተጨመረ ትምህርት ነው። በእኛ ዘመን ይህ የቀድሞ ሥርዐት ለሕፃናት ተመልሷል። ራያን ማክፋርላንድ የተባለ አሜሪካዊ አባት ለትንሽ ልጁ ከገዛው ብስክሌት ላይ ፔዳሉንና ካቴናውን እያወለቀ ቢያቀልለት ልጁ ደስ ብሎት ሲሄድበት አየ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 «ስትራይደር» የተባለውን ድርጅት ያቋቋመውም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ታዲያ ፔዳሉን ማንሣት ልጁን የሚረዳው እንዴት ነው? ብስክሌት መንዳት ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። አንዱ እግርን እያፈራረቁ መርገጥ ነው፤ ይህን አንድ ልጅ ባለ ሦስት ጎማ ቢሰጡት ብዙ ሳይቈይ ይለምደዋል። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ጭንቁ ሁሉ ከዚህ ላይ ነው። በትርን በመዳፉ ላይ አቁሞ የሚጫወት ልጅ አይታችሁ ይሆናል፤ በትሩ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል መዳፉን ወደ ቀኝ ያስከትላል፤ ወደ ግራ ሲያዘነብልም እንዲሁ። ብስክሌት ነጂ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብስክሌቱ ወደ ቀኝ መውደቅ ሲጀምር መሪውን ወደዚያው ወደ ቀኝ በጥቂቱ ያዞራል፤ ጎማዎቹም ከሥሩ ይገቡና መልሰው ያቆሙታል። ያላወቀ ሰው ግን ከመውደቅ ሊሸሽ መሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን ይጠመዝዝና ውድቀቱን ያፋጥነዋል።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚፈልግ ነጂ በመጀመሪያ መሪውን ለቅጽበት ወደ ግራ ይገፋል፤ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ብስክሌት የነዳ ሰው እንኳ ይህን እንደሚያደርግ ብትነግሩት ይክዳችኋል፤ እጁ ያውቃል፥ እርሱ ግን አያውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዕውቀት አባት በቃል ሊያስረዳ አይችልም፤ «ሚዛንህን ጠብቅ!» እያሉ ከኋላ መጮህም ለልጁ ምንም አይነግረውም። ሰውነቱ ራሱ ሺህ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ አዘንብሎ፥ ሺህ ጊዜ ራሱን አቅንቶ ሊማረው ያስፈልጋል።

ፔዳል የሌለው ብስክሌት የሚጠቅመው ይህን ዕድል ስለሚሰጠው ነው። እግሩ ከመሬት አጠገብ ስለ ሆነ መውደቅ ሲጀምር ይረግጣል፤ ስለዚህ አይፈራም፤ ስለማይፈራም ደጋግሞ ይሞክራል። ሕፃን መቆም ሲጀምር «ወፌ ቆመች» እያልን በዙሪያው እጃችንን እንዘረጋለን እንጂ ወገቡን በገመድ ከግድግዳ ጋር አናስረውም፤ ነገሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ደጋፊ ጎማዎች ግን ያ ገመድ ናቸው። በግራና በቀኝ የተተከሉት ትንንሽ ጎማዎች ብስክሌቱን እንዳያዘነብል ይከለክሉታል፤ የማያዘነብል ብስክሌት ደግሞ ሚዛን አያስተምርም። ይባስ ብሎ ልጁ በፍጥነት ሲታጠፍ ሰውነቱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ማዘንበል ያለበት ግን ወደ ውስጥ ነበር። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይህን የለመደ ልጅ ደጋፊዎቹ በተፈቱ ዕለት አዲስ ነገር መማር ብቻ ሳይሆን የለመደውንም መርሳት አለበት። ከዚያም ጋር «እኔ ብስክሌት እችላለሁ» ብሎ ያምን ነበር፤ በሰው ፊት ወደቀ። የጠያቂያችን ታላቅ ልጅ የደረሰበት ይህ ነው፤ ስንፍናም ፈሪነትም አይደለም፤ ቀላሉን ትምህርት አስቀድሞ ከባዱን በአንድ ቀን የጣለበት ሥርዐቱ ነው።

ይሁን እንጂ ደጋፊ ጎማዎችን ፈጽመን አንነቅፍም፤ መርገጥንና ፍሬን መያዝን ያስለምዳሉ፤ ልጁም ከታላላቆቹ ጋር ተሰልፎ በመሄዱ ደስ ይለዋል። ሚዛንን ያስተምራሉ ተብሎ ሲነገር ብቻ አንቀበልም።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ እንዳይመስል ተመራማሪዎች ያገኙትን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2022 የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች ብስክሌት መንዳት የተማሩበትን ዕድሜና መንገድ ጠይቀው ያገኙትን አሳትመዋል። ፔዳል በሌለው ብስክሌት የጀመሩት ልጆች ያለ ደጋፊ መንዳት የቻሉት በአማካይ በ4 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ በደጋፊ ጎማ የጀመሩት ግን በ6 ዓመት ገደማ ነው። በዚያው ዓመት በኔዘርላንድስ፥ ብስክሌት እንደ ጫማ በሚቈጠርበት አገር፥ የወጣ ሌላ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል።

የሁለት ዓመት ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሚዛናችንን ስተን እንዳናወድሰው ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፥ ይህ ዓይነቱ ጥናት ሰዎች ከሚያስታውሱት የተሰበሰበ ነው፤ ለሁለት ዓመት ሕፃን ብስክሌት የሚገዛ ቤተሰብም ለነገሩ ፍቅር ያለውና ቀድሞ የሚጀምር ነው፤ ከልዩነቱ ጥቂቱ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ በአራት ዓመቱ የነዳ ልጅ በስድስት ዓመቱ ከነዳው ልጅ በዐሥር ዓመታቸው ምን ይበልጠዋል? ብለው ቢጠይቁን፥ እኛ ምንም አይበልጠውም እንላለን። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ልጅን ዝግጁ ሳይሆን በባለ ሁለት ጎማ አትገፋፉት፥ ይህም ወደ 5 ወይም 6 ዓመት ገደማ ነው፥ ሲል ይመክራል። ስለዚህ የሕፃኑን አእምሮ ያሰላል፥ ከእኩዮቹ ያስቀድማል እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር ለዚያ ቃል ገንዘብ አትክፈሉ። ዋናው ጥቅም ቀደም ማለቱ ሳይሆን መንገዱ ያለ ልቅሶ መሆኑ ነው።

«እኛ እየወደቅን ተምረን የለምን?» የሚሉ አባቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን የተማርነው በደቂቃ በተከራየነው፥ ኮርቻው ከደረታችን በሚደርስ የትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ ነበር። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮች ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችንም ልካለች። ነገር ግን ወድቀው የተማሩት ብቻ ናቸው ታሪኩን የሚያወሩት፤ ወድቀው የተዉት ዝም ብለዋል፤ ቍጥራቸውም ትንሽ አይመስለንም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። እኅት በጀርመን የሌለችው ቤተሰብ ምን ያድርግ? ተራ የልጅ ብስክሌት ያለው ሰው ፔዳሎቹን ብቻ ይፍታ። ለብዙው ብስክሌት 15 ቍጥር ቁልፍ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ የተቈረጠው ከቀኙ በተቃራኒ ስለ ሆነ፥ እንደ ተለመደው ብሎን ላላላው የሚል ሰው የባሰ ያጠብቀዋል። ቀላሉ ብልሃት ይህ ነው፤ ቁልፉን አስገብቶ እጀታውን ወደ ላይ ማቆም፥ ከዚያም ወደ ኋላኛው ጎማ መሳብ፤ በዚህ አኳኋን ሁለቱም ፔዳሎች ይፈታሉ። ለመግጠም ሲፈለግ ደግሞ ወደ ፊተኛው ጎማ መግፋት ነው። ከተፈቱም በኋላ ቀኝና ግራቸው እንዳይምታታ ምልክት አድርጎ በፌስታል ማኖር ይገባል፤ የቀኙን በግራ አስገድዶ የሚያስገባ ሰው ጥርሱን ይበላዋልና።

ቀጥሎ ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ነው። ልጁ ሲቀመጥ ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ረግጠው ጉልበቱ በጥቂቱ መታጠፍ አለበት። በጣቱ ጫፍ የሚነካ ከሆነ ገና ከፍ ብሏል፤ ይፈራል። ዝቅ ተደርጎም የማይደርስ ከሆነ ብስክሌቱ አይሆነውምና ጥቂት ወራት መቈየት ይሻላል። ክብደትም ይታሰብ፤ የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ራሱ 13 ኪሎ ገደማ ነው፤ 8 ኪሎ የሚመዝን የብረት ብስክሌት ስንሰጠው ለአንድ አዋቂ ሰው ከባድ ሞተር ብስክሌት ያለ ሞተር ግፋ እንደ ማለት ይሆንበታል። ለሕፃናት ተብለው የሚሠሩት ፔዳል አልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ናቸው። ስለዚህ በጣም ትንሽ ለሆነው ልጅ ልዩዋ ብስክሌት በእርግጥ ትሻላለች፤ አራት ዓመት ለሞላው ግን ፔዳሉ የተፈታ ተራ ብስክሌት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የኩሽኔታ ጋሪ ሠርተው ቁልቁል የሚንደረደሩትን የሰፈር ልጆች ላየ ሰው፥ እጁ የሰላ አናጢ ከእንጨት ሊሠራት እንደሚችል አያጠራጥርም፤ መሪው በደንብ የሚዞርና የማይነቃነቅ መሆኑን ብቻ አስቀድሞ ይመርምር።

ከዚያ በኋላ የወላጅ ሥራ ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ለብዙ አባቶች ከሁሉ ይከብዳቸዋል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኮርቻው ላይ ሳይቀመጥ ብስክሌቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ተውት። ኋላ ይቀመጣል፤ ኋላ ይሮጣል፤ አንድ ቀን ማንም ሳይነግረው እግሮቹን ያነሣል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዚህ ላይ በእውነት ይታያል። መሪውን ወይም ኮርቻውን አትያዙበት፤ ብስክሌቱ በእናንተ እጅ ሲቀና ልጁ ማዘንበሉን አይሰማውም። መያዝ ካስፈለገ ልጁን ራሱን ከብብቱ በታች በቀላሉ መደገፍ ይሻላል። እግሮቹን አንሥቶ እስከ ዐሥር እየቈጠረ መንሳፈፍና ጥምዝምዙን መንገድ መዞር ሲችል ፔዳሎቹ ይመለሱለት፤ ኮርቻው ግን ለጥቂት ቀናት እንደ ዝቅታው ይቈይ።

የሰባት ዓመቱ ልጅ መድኃኒትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የራሱ ብስክሌት ፔዳሉ ይፈታ፥ ኮርቻውም ዝቅ ይበል። ነገር ግን ለእርሱ ከብረቱ ይልቅ ክብሩ ይበልጣል። የሳቁበት ልጆች በማይኖሩበት ሰዓት፥ በማለዳ ወይም ከሰፈር ራቅ ባለ ሜዳ ይሁን። «ታናሽህ ቀደመህ» የሚለው ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። ይልቁንም ታናሹን እንዲያለማምድ ኀላፊነት ቢሰጠው፥ እያሳየ ሳለ ራሱ ሊማር ይችላል። የትልልቅ ሰዎች ትምህርትም በዚሁ መንገድ ነው፤ በኒው ዮርክ ከተማ ባይክ ኒው ዮርክ የተባለው ማኅበር ብስክሌት ለማያውቁ አዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት አስቀድሞ ፔዳሉን ይፈታል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ወንድሞቻቸው ተራ ይዘው ሲከራዩ «ለሴት ልጅ አይሆንም» ተብለው በር ላይ የቀሩ እናቶች ብዙ ናቸውና፥ ይህን ለእነርሱ ስንል ጨመርነው።

ስለ ቦታው እንናገር። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ዕድለኞች ናቸው፤ አዲስ አበባ ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ፔዳል አልባዎቹ አብዛኞቹ ፍሬን የላቸውም፤ የልጁ ፍሬን የጫማው ሶል ነው፤ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይለቀቅ፤ ሶለ ወፍራም ጫማም ያድርግ፥ በሰንደል ጫማ ወይም በባዶ እግር አይሁን። የኮንዶሚኒየም ግቢ መኪና በማይገባበት ሰዓት፥ የትምህርት ቤት ሜዳ በዕረፍት ቀን፥ እንዲሁም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለመኪና በተዘጉባቸው ቀናት የመሰለ ሰፊና ለስላሳ ስፍራ ይመረጥ። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ግን ለፈጣን ነጂዎች ናቸውና ለሕፃን አይሆኑም።

የራስ ቁር፥ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው፥ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይደረግለት። በራስ ላይ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው፤ ሕፃኑም ከብስክሌቱ ጋር አንድ ላይ ከለመደው በኋላ አይቃወምም። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ትቶ ግንባሩን ሊሸፍን፥ ማሰሪያውም ከአገጩ በታች አንድ ጣት ብቻ እስኪያስገባ ሊጠብቅ ይገባል። ከብስክሌቱ ወርዶ ዛፍ ወይም መወጣጫ ላይ ሊወጣ ሲል ግን ይውለቅለት፤ ማሰሪያው ተንጠልጥሎ አንገቱን ሊያንቀው ይችላልና።